ፀሐይ በነፃ፣ አልጋ በዋጋ
የካሊፎርኒያ የባህር ዳር መንገድ ማንን ያበላል?

የባህር ዳርቻ ፀሐይ ዋጋ የላትም። ማንም አያመርታትም፣ ማንም አያከራያትም፣ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ትወጣለች። ይሁንና ፀሐይዋን ፍለጋ የሚመጣ ሰው መተኛት፣ መብላት፣ ነዳጅ መቅዳትና መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ማግኘት ስላለበት፣ ነፃ በሆነው ነገር ዙሪያ ነፃ ያልሆነ ሰፊ ገበያ ይቆማል። በዚህ ገበያ ማን እንደሚያተርፍና አደጋውን ማን እንደሚሸከም ለመረዳት፣ በዓለም ላይ ከታወቁት የመኪና ጉዞ መስመሮች አንዱ የሆነው የካሊፎርኒያ የባህር ዳር መንገድ፣ ማለትም ሀይዌይ አንድ፣ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

ጉዞውን ለዚህ ገጽ የተረኩልን በኦክላንድ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁ «ባል» እና «ሚስት» እያልን እንቀጥላለን። ባል በመኪና ማቆሚያ ሥራ ላይ የቆዩ፣ ሚስት ደግሞ የሆስፒታል ነርስ ናቸው። በሴፕቴምበር 2022 መጨረሻ ላይ የጋብቻቸውን 25ኛ ዓመት ለማክበር አምስት ቀን ወስደው ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ በራሳቸው መኪና ወረዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚስት ጉዞውን ሽርሽር ብለው ነበር የተነሱት። ባል ግን በኪሳቸው አንድ ወረቀት ይዘዋል። አንድ ደላላ በመንገዱ ደቡባዊ ክፍል ዳር ላይ የሚሸጥ ባለ 20 ክፍል ሞቴል እንዳለ ነግሯቸው፣ ከሁለት ዘመድ ቤተሰቦች ጋር ገንዘብ አዋጥተው ለመግዛት እያሰቡ ነበር። ወረቀቱን ለሚስታቸው ያሳዩዋቸው ከተማውን ከለቀቁ በኋላ ነው። የሚስት መልስ አጭር ነበር፤ «እንግዲያው ደረሰኙን ሁሉ እኔ እይዛለሁ፣ አንተ መንገዱን እይ።» የሃያ ዓመት ቁጠባ በአንድ ንግድ ላይ የሚውልበት ጉዳይ በመሆኑ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሽርሽሩ የገበያ ጥናትም ሆነ።

ሁለት መንገድ፣ ሁለት ሒሳብ

ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሎስ አንጀለስ በፍጥነት መሄድ የፈለገ ሰው በመሀል አገር የሚያልፈውን ኢንተርስቴት አምስት ይይዛል። ርቀቱ 615 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በስድስት ሰዓት ይጠናቀቃል። የጭነት መኪናው፣ ነጋዴውና የሚቸኩለው ሁሉ በዚያ ይሄዳል። በባህሩ ዳር የሚወስደው ሀይዌይ አንድ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከመሆኑም ሌላ፣ በገደልና በባህር መካከል እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ በአንድ ቀን ልጨርሰው የሚል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሊያይ የመጣውን ሳያይ ያልፋልና።

ለንግድ ሰው ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት ለተጓዡ ትርፍ ነው፤ ለአልጋ አከራዩ ግን ኪሳራ ነው። በፈጣኑ መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና ቁጥሩ የትየለሌ ቢሆንም አብዛኛው ነዳጅና ቡና ብቻ ገዝቶ ይሄዳል። በቀርፋፋው መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና ቢያንስም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሌሊት ያድራል። የባህር ዳሩ የአልጋ ገበያ የተገነባው በመንገዱ ቀርፋፋነት ላይ ነው።

ወቅቱንም ሚስት ናቸው የመረጡት። ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሰው ሰኔና ሐምሌ ለባህር ዳርቻ የተመቹ ይመስሉታል። ነገር ግን በሰሜንና በመካከለኛው ካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ከቀዝቃዛው ውቅያኖስ የሚነሳው ጭጋግ በበጋው ወራት ፀሐይዋን እስከ ቀትር፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ይሸፍናታል። ጠረፉ በደንብ የሚጠራው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ቤተሰብ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የሥራ ቀናት የአልጋ ዋጋም ረገብ ይላል። የተሻለ ዕቃ በቀነሰ ዋጋ ማግኘት ማለት ይህ ነው።

ያልቀነሰው ነዳጅ ነበር። በዚያ ሰሞን በካሊፎርኒያ የአንድ ጋሎን ቤንዚን አማካይ ዋጋ ከ6 ዶላር አልፎ ነበር። አንድ ጋሎን ከ3.8 ሊትር ጥቂት ያነሰ ነው። ቢግ ሰር በተባለው ተራራማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማደያዎቹ ጥቂትና የተራራቁ በመሆናቸው ዋጋው ከከተማው እጅግ ይበልጣል። ባልና ሚስቱ ይህን አስቀድመው ስለሚያውቁ ሞንተሬይ ላይ ሞልተው ገቡ። ሳያውቅ የገባ እንግዳ ግን የተጠየቀውን ይከፍላል፤ ወደ ኋላ ለመመለስም ነዳጅ ያስፈልገዋልና።

በር ያለው መንገድና በር የሌለው ድልድይ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ያደሩት በሞንተሬይ ነው። ይህች ከተማ የአንድ ንግድ መሞትና የሌላው መወለድ በአንድ ጎዳና ላይ የሚታይባት ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሞንተሬይ የሰርዲን ማሸጊያ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዓሣው እያለቀ ሲሄድ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በመጨረሻው ፋብሪካ ቦታ ላይ ዴቪድ ፓካርድና ባለቤታቸው ሉሲል፣ የኮምፒዩተር ኩባንያ መሥራች ቤተሰብ፣ 55 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው ያሠሩት የባህር እንስሳት ማሳያ በ1984 ተከፈተ። ቀድሞ ዓሣውን በቆርቆሮ አሽጋ የምትሸጥ ከተማ፣ ዛሬ ዓሣውን ከመስታወት ጀርባ በሕይወት እያሳየች ትከፈልበታለች። መግቢያው ርካሽ አይደለም፤ ሰልፉ ግን አይቋረጥም።

ከሞንተሬይ ጥቂት አለፍ ብሎ በፔብል ቢች ውስጥ «የአሥራ ሰባት ማይል መንገድ» የሚባል በግል ኩባንያ የተያዘ የባህር ዳር መንገድ አለ። በሩ ላይ ጠባቂ ቆሞ ከእያንዳንዱ መኪና ከ10 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ክፍያ ይቀበላል። የባልየው ትኩረት ያረፈው በክፍያው ላይ ሳይሆን በውሉ ላይ ነው። እንግዳው ከውስጥ ባሉት የኩባንያው ምግብ ቤቶች ከተወሰነ መጠን በላይ ከተመገበ የበሩ ክፍያ ከሒሳቡ ይቀነስለታል። ሰው የከፈለውን ለማስመለስ ሲል ሊበላ ያላሰበውን ምሳ ይበላል። ይህን ኩባንያ በ1999 ተዋናዩ ክሊንት ኢስትውድ፣ የጎልፍ ተጫዋቹ አርኖልድ ፓልመርና ፒተር ዩበሮት የሚገኙበት የባለሀብቶች ቡድን በ820 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ያን ያህል ገንዘብ የወጣው ለመሬቱ ብቻ ሳይሆን መሬቱ በር ስላለው ጭምር መሆኑን መገመት አያዳግትም።

በማግስቱ ወደ ደቡብ ሲያመሩ ያገኙት የቢክስቢ ድልድይ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1932 ከ200 ሺሕ ዶላር በጥቂቱ ባነሰ ወጪ የተሠራው ይህ የኮንክሪት ቅስት፣ በካሊፎርኒያ ምናልባት ከወርቃማው በር ድልድይ ቀጥሎ አብዝቶ ፎቶግራፍ የሚነሳ ድልድይ ሳይሆን አይቀርም። ክፍያ የለውም፣ በር የለውም፣ መጸዳጃ እንኳ የለውም። ሰዉ መኪናውን በጠባቡ ዳር አቁሞ ፎቶ ተነስቶ ያልፋል። ድልድዩ ራሱ ሳንቲም አይሰበስብም፤ ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ያሉት አልጋ ቤቶች ግን ይኖሩበታል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት «የሕዝብ ዕቃ» የሚባለው ይኸው ነው። ወጪው የመንግሥት፣ ትርፉ የጎረቤት።

መንገዱም እንደዚሁ ነው። ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን ያለው ክፍል 18 ዓመት ፈጅቶ በ1937 ነበር የተከፈተው። ከሠራተኞቹ መካከል የሳን ክዌንቲን እስር ቤት እስረኞች ይገኙበታል። በቀን 35 ሳንቲም እየተከፈላቸውና የእስር ዘመናቸው እየተቀነሰላቸው ገደሉን ፈልፍለዋል። ዛሬ በዚያ ገደል ላይ በአንድ ሌሊት ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ ማረፊያዎች አሉ።

አዲስ የማይጨመርበት ገበያ

ባል ሞቴሉን የተመኙት ያለ ምክንያት አልነበረም። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ገንዘብ ያለው ሁሉ ዝም ብሎ ሆቴል መሥራት አይችልም። በ1972 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ሕግና እሱን ተከትሎ በ1976 የወጣው የጠረፍ ሕግ፣ በባህሩ ዳር የሚሠራ አዲስ ግንባታ ከጠረፍ ኮሚሽኑ ወይም ኮሚሽኑ ከሚያጸድቀው የአካባቢ ዕቅድ ጋር ተስማምቶ ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። በቢግ ሰር ደግሞ ከ1986 ጀምሮ የሚሠራበት ዕቅድ ከመንገዱ ላይ በዓይን የሚታይ አዲስ ግንባታን ይከለክላል። ተጓዡ ቤት ሳይሆን ባህር እንዲያይ ማለት ነው።

የዚህን ውጤት ማንም ነጋዴ ሳይነገረው ያውቀዋል። ፈላጊው እየበዛ አቅርቦቱ ባለበት ከቆመ ዋጋው ይወጣል። አስቀድሞ ፈቃድ ኖሮት የተሠራ አሮጌ ሞቴል፣ ግድግዳው ቢያረጅም ፈቃዱ አያረጅም። ደላላው ለባል የሸጠላቸው ሐሳብ ይኸው ነበር። «ሕንጻውን ሳይሆን ማንም የማይደግመውን ቦታ ነው የምትገዙት» ብሏቸዋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። የጎደለው ሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ግብር ነው። ካሊፎርኒያ በ1978 ባጸደቀችው «ፕሮፖዚሽን 13» በሚባለው ሕግ መሠረት የንብረት ግብር የሚተመነው ንብረቱ በተገዛበት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው። መሠረታዊው ግብር ከዚያ ዋጋ አንድ በመቶ ሲሆን፣ ግምቱም ባለቤት እስካልተለወጠ ድረስ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ አያድግም። እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በፊት በርካሽ የገዛ ሰው ዛሬም የሚከፍለው በዚያ አሮጌ ግምት ላይ ነው። ሲሸጥ ግን ግምቱ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ይሠራል። በሻጩ ደብተር ላይ የሚታየው አነስተኛ ግብር ለገዢው አይተላለፍም ማለት ነው። የሻጩን ትርፍ አይቶ የራሱን ትርፍ የሚገምት ገዢ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሳስቷል። ይህን ነጥብ ያነሱት ሚስት ናቸው፤ የራሳቸውን መኖሪያ ቤት ሲገዙ ያዩት ነገር ነውና።

ሁለተኛው የጎደለ ነገር መንገዱ ራሱ ነው።

ተራራው ሲወርድ

በቢግ ሰር ክፍል ተራራው ከባህሩ ቀጥ ብሎ የሚነሳ፣ ድንጋዩም ልል በመሆኑ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር መሬቱ ይንሸራተታል። በ2017 መጀመሪያ የጣለው ዝናብ የፋይፈር ካንየን ድልድይን ምሰሶ አናግቶ ድልድዩ እንዲፈርስ ተደረገ። ምትኩ በ24 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ የተከፈተው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። እሱ ተዘግቶ ሳለ በግንቦት መድ ክሪክ በተባለው ስፍራ አንድ ሙሉ የተራራ ጎን ወርዶ መንገዱን ቀበረው። ያንን ለመክፈት 54 ሚሊዮን ዶላርና ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ፈጀ፤ መኪና ያለፈው በጁላይ 2018 ነው።

በሁለቱ መሀል የነበሩት ነዋሪዎችና ነጋዴዎች በደሴት ላይ እንዳሉ ሆኑ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኞችም ወደ ሥራ በጫካ ውስጥ በተጠረገ የእግር መንገድ ይሻገሩ ነበር። አንድ ውድ ሆቴል እንግዶቹን በሄሊኮፕተር ማምጣት ጀመረ። ሄሊኮፕተር የሚከፍል እንግዳ የሌለው ግን በሩን ዘጋ፣ ሠራተኛም አሰናበተ። ጉዳቱ በባለቤቶቹ ላይ ብቻ አልቆመም። በካሊፎርኒያ በአልጋ ላይ የሚጣለውን ግብር የሚሰበስበው ከተማው ወይም አውራጃው ነው። በ2022 በሞንተሬይ አውራጃ 10.5 በመቶ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ 14 በመቶ ነበር። እንግዳው ሲቀር የአውራጃው በጀትም ይጎድላል።

በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ራት ክሪክ በሚባለው ስፍራ ጎርፍ የመንገዱን አንድ ክፍል ጠርጎ ወደ ባህር ወስዶት በኤፕሪል ተከፍቷል። ባልና ሚስቱ ያለፉበት ጥገናው ከተጠናቀቀ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። አስፋልቱ አዲስ ነበር። ባል ተደሰቱ፤ ሚስት ግን አስፋልቱ ለምን አዲስ እንደሆነ ጠየቁ።

ስሌቱን ቀለል ባለ ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ የዚያ ሞቴል ደብተር ሳይሆኑ ለማስረጃ ያህል የቀረቡ ናቸው። ባለ 20 ክፍል ሞቴል በዓመት 7,300 የአልጋ ሌሊቶች ለገበያ ያቀርባል። ስድሳ በመቶው በ150 ዶላር ቢከራይ 4,380 ሌሊት፣ ማለትም 657 ሺሕ ዶላር ያስገባል። የባንክ ዕዳ፣ መድን፣ ግብር፣ ደመወዝና ጥገና ተደምረው 450 ሺሕ ዶላር ናቸው ብንል 207 ሺሕ ዶላር ይተርፋል። አሁን መንገዱ ተዘግቶ የተያዘው አልጋ ወደ አርባ በመቶ ወረደ እንበል። ገቢው 438 ሺሕ ዶላር ይሆናል። ወጪው ግን አብሮ አይወርድም፤ ባንኩ ተራራ ወረደ ብሎ ወለድ አይተውም። የ207 ሺሕ ትርፍ የ12 ሺሕ ኪሳራ ሆነ። እንግዳው የቀነሰው በሲሶ ሲሆን ትርፉ ግን ጨርሶ ጠፋ። ቋሚ ወጪው የከበደ ንግድ ሁሉ ባሕርይው ይህ ነው፤ ሲመጣ በጎርፍ፣ ሲሄድም በጎርፍ ነው።

ሦስት ምንጭ ያላት ከተማ

ሦስተኛውን ሌሊት ያደሩት በሞሮ ቤይ ነው። ከዚያ በፊት ፒየድራስ ብላንካስ በተባለው ዳርቻ ቆመው፣ አፍንጫቸው እንደ ኩምቢ የተንጠለጠለ ግዙፍ የባህር እንስሳት በአሸዋው ላይ ተጋድመው አይተዋል። እነዚህ እንስሳት ወደዚያ ዳርቻ መምጣት የጀመሩት በ1990 ነው። መመልከቻው ነፃ ነው። ከጋዜጣ ባለቤቱ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ቤተ መንግሥት አጠገብ በመሆኑም አንዱ እንግዳ የሌላውን ቦታ ይጎበኛል። 165 ክፍል ያለውን ያንን ሕንጻ የኸርስት ቤተሰብ ለመንግሥት ሰጥቶት ከ1958 ጀምሮ በክፍያ ይጎበኛል።

ሞሮ ቤይ በባህሩ መሀል የቆመ አንድ ትልቅ ቋጥኝና በ2014 ሥራ ያቆመ የኃይል ማመንጫ ሦስት ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች የሚታዩባት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ለዓይን ከቢግ ሰር ጋር አትወዳደርም። በአልጋ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ላይ ግን ባል በሙያቸው ያዳበሩትን ልምድ ተጠቀሙ። ባለመኪኖቹ ከየት እንደመጡ ከአልጋ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሲጨዋወቱ፣ አንዱ ከሳን ፍራንሲስኮ በባህር ዳር የወረደ፣ ሌላው ከሎስ አንጀለስ በሀይዌይ 101 የወጣ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከፍሬዝኖና ከቤከርስፊልድ የመሀል አገሩን ሙቀት ሸሽተው የመጡ መሆናቸውን ተረዱ። ቢግ ሰር ሲዘጋ ከሦስቱ ምንጮች አንዱ ይደርቃል፤ ሁለቱ ይፈስሳሉ። ደላላው ያቀረበው ሞቴል ግን በአብዛኛው የሚኖረው በአንዱ ምንጭ ብቻ ነበር።

በማግስቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የደረሱባት ሳን ልዊስ ኦቢስፖ፣ ሀይዌይ አንድና ሀይዌይ 101 የሚገናኙባት ከተማ ስትሆን «ሞቴል» የሚለው ቃልም የመጣው ከእሷ ነው። አርተር ሃይንማን የተባለ የሥነ ሕንጻ ባለሙያ ከሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ የሚሄድ መኪና በዚያ ዘመን ሁለት ቀን እንደሚፈጅ አይቶ፣ በ1925 በመሀል መንገዱ ላይ የመጀመሪያውን ሞቴል ከፈተ። «የሞተር ሆቴል» የሚለውን አሳጥሮ ነው ስሙን ያወጣው። የአንድ ሌሊት ዋጋ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ሰውየው ስለ ባህሩ ውበት አልተጨነቀም፤ ሾፌሩ የት ላይ እንደሚደክመው ነው ያሰላው።

ድር ሲያብር

ባልና ሚስቱ በየአልጋ ቤቱ መቀበያ ላይ ያስተዋሉት ሌላ ነገር አለ። ከጠረጴዛው ጀርባ የሚያገኙት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሕንዳዊ ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የእስያ አሜሪካውያን የሆቴል ባለቤቶች ማኅበር በ1989 የተመሠረተ ሲሆን፣ አባላቱ ዛሬ በአሜሪካ ካሉት ሆቴሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይዘዋል። አብዛኞቹ ከጉጃራት ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። ታሪኩ ካንጂ ማንቹ ዴሳይ ከተባሉ ሰው ይጀምራል። እሳቸው በ1942 በሳክራሜንቶ አንዲት አነስተኛ ሆቴል ይዘው፣ ቆይተው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛውረው አዲስ ለሚመጣው የአገራቸው ልጅ ሁሉ ሆቴል እንዲይዝ ይመክሩ ነበር።

አሠራራቸው ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ባንክ የማያበድረውን ሰው ዘመድና ያገር ልጅ ያለ ወረቀት፣ በእጅ መጨባበጥ ብቻ ያበድሩታል። ቤተሰቡ ከሞቴሉ አንዱ ክፍል ውስጥ ስለሚኖር የቤት ኪራይ የለበትም። አባት ይጠግናል፣ እናት አንሶላ ትቀይራለች፣ ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ መቀበያው ላይ ይቆማሉ። ደመወዝ ከወጪ ዝርዝር ሲወጣ፣ ከላይ ያየነው 450 ሺሕ ዶላር በእጅጉ ይቀንሳል፤ ክፉ ቀንም ሳይገድል ያልፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ከእቁብ የሚለየው ተራ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው፤ የሚሰጠው ለደረሰው ሳይሆን ሊገዛ ለተዘጋጀው ነው።

ሚስት ከዚህ ያወጡት ጥያቄ ግን ባልን ዝም አሰኛቸው። «እኔ ከሆስፒታል ሥራዬ፣ አንተም ከሥራህ ሳንለቅ፣ አንሶላውን የሚቀይረው ማን ነው?» የሩቅ ባለቤት ሆኖ በቅጥር ሠራተኛ የሚሠራ ሰው የሚወዳደረው ደመወዝ ከማይከፍል ጎረቤት ጋር ነው።

እስከ ፌርፋክስ ጎዳና

አራተኛውን ሌሊት በቬንቹራ አደሩ። ለምን ሳንታ ባርባራ አላደራችሁም ብንላቸው ደረሰኝ ያዡዋ የዋጋውን ልዩነት ጠቀሱልን። ሳንታ ባርባራ በ1925 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደገና ስትሠራ፣ ሕንጻዎቿ ነጭ ግድግዳና ቀይ የሸክላ ጣሪያ እንዲኖራቸው የመረጠች ከተማ ናት። መልኳን ንብረት አድርጋዋለች፤ ዋጋውም በአልጋው ላይ ይታያል። ባልና ሚስቱ ቀኑን እዚያ ውለው፣ ሲመሽ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው በርካሹ ከተማ ተኙ። ውበቱን በነፃ፣ እንቅልፉን በቅናሽ።

በአምስተኛው ቀን በማሊቡ በኩል ገቡ። እዚያ የሚሊየነሮቹ ቤቶች ባህሩን እንደ አጥር ጋርደውታል። በካሊፎርኒያ ሕግ ግን ማዕበሉ የሚያረጥበው አሸዋ የሕዝብ ነው፤ በቤቶቹ መሀል ለመውረጃ የተተዉ ጠባብ መተላለፊያዎችም አሉ። ሚስት በአንዱ ወርደው ጫማቸውን አውልቀው ባህሩ ውስጥ ቆሙ። በመላው ጉዞ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ትልቁ ደስታ እሱ ነበር ይላሉ።

ማታውን በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 ጀምሮ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር፣ እንጀራ ቀርቦላቸው ከዘመዶቻቸው ጋር ሒሳቡን ዘረጉ። ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር። የባል ወንድም ዕድሉ አያምልጠን አለ። ሚስት ግን እንቢ አላሉም፤ አንድ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ። ሻጩ ያሳየው የ2019ን፣ የ2021ንና የ2022ን ገቢ ነው። መንገዱ የተዘጋባቸውን የ2017ንና የ2018ን ደብተር ያሳየን፤ በእነዚያ ዓመታት ሞቴሉ ዕዳውን ከፍሎ ካደረ እንግዛ አሉ።

ደላላው ጥያቄውን ወሰደ። አንድ ወር ቆይቶ ሻጩ የቆየ ደብተር ማውጣት እንደማይፈልግ፣ ሌላ ገዢም እንዳለው ነገራቸው። ቤተሰቡ ተወው። ባል ለሳምንታት አኩርፈው ነበር።

በጃንዋሪ 2023 ኃይለኛ ዝናብ ጣለና ፖልስ ስላይድ በሚባለው ስፍራ ተራራው ወረደ። እሱ ሳይጠገን በ2024 በሌላ ስፍራ ሌላ ናዳ ተከተለ። በቢግ ሰር በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፍ የተቻለው ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ በጃንዋሪ 2026 ነው። በመሀሉ ሌሎች ወጪዎችም ተከመሩ። በሜይ 2023 ስቴት ፋርም የተባለው ግዙፍ የመድን ኩባንያ በካሊፎርኒያ አዲስ የንብረት መድን ማመልከቻ መቀበል ማቆሙን አስታወቀ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ባልና ሚስቱ ያለፉበትን የማሊቡን ዳርቻ እሳት በልቶት፣ በዚያ ያለው መንገድ ለሕዝብ የተከፈተው በሜይ ነበር። ሞቴሉን የገዛው ሌላ ሰው እነዚህን ዓመታት እንዴት እንደተወጣ እሱ ያውቃል።

የባልና ሚስቱ ገንዘብ አልጠፋም፣ ፍላጎታቸውም አልጠፋም። ከሁለቱ ቤተሰቦች ጋር ሆነው አሁን የሚፈልጉት ሁለት መንገድ በሚገናኝበት ከተማ ያለ፣ አንደኛው ቤተሰብ ሥራውን ትቶ ሊኖርበት የሚስማማበት፣ ግብሩም በአዲሱ ዋጋ ተሰልቶ የሚያዋጣ ሞቴል ነው። ፍለጋው ጊዜ ወስዷል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ተረት ሚስት ደጋግመው ይጠቅሳሉ።

ከዚህ ለገበያችን ሰዎች የሚተርፈው ነጥብ አጭር ነው። የቱሪስት ንግድ የሚሸጥበት ቦታ ሲቀርብላችሁ ባለቤቱ የሚያሳያችሁ መልካሙን ዓመት ነው፤ ደላላውም የሚናገረው ስለ መልካሙ ዓመት ነው። የቦታው እውነተኛ ዋጋ ያለው ግን መንገዱ በተዘጋበት ዓመት ደብተር ውስጥ ነው። እሱን ሳያዩ ቀብድ መክፈል አይገባም።